እንቅልፍ ማጣትና ሱስ፤ ተለያይተው የማይታከሙ ሁለት ችግሮች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

በዚህ ጉባኤ ፊት ቀርቤ ስለ እንቅልፍና ስለ ሱስ እንድናገር በመጋበዜ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ የማይገናኙ ሁለት ጉዳዮችን ያዳበለ ይመስላል። ሱስ የአእምሮ ሐኪሙ፣ የፖሊሱና የሃይማኖት አባቱ ጉዳይ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። እንቅልፍ ግን የማንም ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በሽተኛው «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ በቀረበ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድም «ሐሳብ አታብዛ» የሚል ምክር ነው፤ አንድም የሚውጠው ኪኒን ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው አካል ውስጥ አንዱ ሌላውን እየወለደና እያሳደገ እንደሚኖር ማሳየት፣ ከዚያም በየዕለቱ ሥራችን ልንፈጽመው የሚገባንን ማመልከት ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አስቀድሜ ስለ እንቅልፍ ጥቂት ልበል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየኋቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የእንቅልፍ ሥርዓት

ለብዙ ዘመን እንቅልፍ፣ ዘይቱ እንዳለቀ ኩራዝ፣ የአእምሮ መጥፋት ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። ይህ አስተያየት ከሥሩ የተናጋው በ1953 ነው። በዚያ ዓመት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የተኛ ሰው ዓይኖች በተዘጉት ቆቦች ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ እንዳለ፣ በዚያን ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ሲያይ እንደነበር እንደሚናገር አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥናት ሌሊቱ እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ያህል በሚወስዱ አራት ወይም አምስት ዙሮች የተከፈለ መሆኑን አረጋግጧል። በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ጥልቁ እንቅልፍ ያመዝናል፤ ወደ ንጋት ግን የሕልሙ እንቅልፍ እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ እንቅልፍ ቅደም ተከተል ያለው ሥራ ነው እንጂ ባዶ ሰዓት አይደለም።

ይህን ሥራ የሚመሩት ሁለት ኃይሎች መሆናቸውን በዙሪክ ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ቦርቤሊ በ1982 ባቀረቡት ሐሳብ አብራርተዋል። አንደኛው ነቅተን በቆየን መጠን እየበረታ የሚሄደው የእንቅልፍ ግፊት ነው። ለዚህም ግፊት ዋነኛ ምክንያት ከሚባሉት አንዱ፣ አንጎል ኃይሉን ሲጠቀም የሚከማቸው አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ ተቀምጦ ብርሃንና ጨለማን እየተከተለ የሚቆጥረው ውስጣዊ ሰዓት ነው። ግፊቱና ሰዓቱ ሲስማሙ ሰው በቀላሉ ይተኛል፤ ሲጣሉ ግን ያለ ዕረፍት ይገላበጣል። ሱስ የሚያስይዙ ነገሮች ሁሉ እጃቸውን የሚያስገቡት በእነዚሁ ሁለት ኃይሎች መካከል ነው።

፪. የሚያነቁት

ከሁሉ በፊት የምናውቀውንና የምንወደውን ቡናችንን እንመልከት። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የእንቅልፍ ግፊትን አያጠፋም፤ አዴኖሲን ማረፍ የሚገባውን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ግፊቱ እንዳይሰማን ይሸፍነዋል እንጂ። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ጎረቤት ተጠራርቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የተነሣ ሰው፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ጎኑን ሲያሳርፍ ከጠጣው ካፌይን ግማሽ የሚሆነው ገና በአካሉ ውስጥ ይገኛል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ ቢወሰድ እንኳ የሌሊቱን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ያሳጥራል። ይህን የምለው የቡናን ሥርዓት ለመንቀፍ አይደለም፤ ጉርብትናን ያጸና መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን እንቅልፍ አጣሁ የሚለውን በሽተኛ ስለ ምሽት ቡናው ሳንጠይቅ ኪኒን ብናዝለት ምክንያቱን ትተን ምልክቱን ማከማችን መሆኑን ልብ እንድንል ነው።

ከቡና ቀጥሎ ጫት ይመጣል። ይህን ተክል ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው በ1763 በየመን ሕይወቱ ያለፈው ስዊድናዊ ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1775 ነው። ልክ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ በቅጠሉ ውስጥ ዋናውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ለይቶ አወቀ፤ እርሱም ካቲኖን ይባላል። ካቲኖን በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዶፓሚን የተባለው የደስታና የትጋት መልእክተኛ በአንጎል ውስጥ እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ግን ካቲኖን ወደ ደካማ ንጥረ ነገሮች ይለወጣል። የአወዳይ ነጋዴ ጫቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ፣ መኪናው ሌሊት ከቀን የሚከንፈውም ስለዚሁ ነው።

ጫት የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ የሚበልጡ አዋቂዎች ተጠይቀውበት በ1999 የታተመው ጥናት፣ ከተጠየቁት መካከል 50 በመቶ የሚሆኑት በዚያን ጊዜ ጫት ይቅሙ እንደነበር፣ በየቀኑ የሚቅሙት ግን ከቃሚዎቹ 17.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ገልጿል። ከቃሚዎቹም 80 በመቶ የሚሆኑት የሚቅሙት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ መሆኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ባለሙያው በሽተኛውን ሲጠይቅ በወቀሳ ቃል ሳይሆን በአክብሮት ሊሆን ይገባል። ወቀሳ የሰማ ሰው መጠኑን ይደብቃል፤ አበው እንዳሉትም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጫት በእንቅልፍ ላይ የሚያደርገውን፣ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጧቸው ስሞች በትክክል ይገልጹታል። በሐረርጌ የማለዳው ጫት በኦሮምኛ «ኢጀበና» ይባላል፤ ዓይን ከፋች ማለት ነው። ከቀትር በኋላ በርጫ ይቀመጣል፤ ምርቃናው ይመጣል። ምርቃናው ሲበርድ ሰውነት ይዝላል፤ ዓይን ግን አይከደንም። በዚህን ጊዜ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይፈለጋል፤ ይህም «ጨብሲ» ይባላል። በማግሥቱ የሌሊቱ ጉድለት «ሐራራ» ሆኖ ይመጣል። ቃሚው አንድ ቀን ለማቆም የወሰነ እንደሆነ ደግሞ በእንቅልፉ «ዱካክ» ይጫነዋል፤ ይኸውም ሰውን የሚያባንን ከባድ ቅዠት ነው። ልብ ብለን ብንመለከት ከነዚህ ስሞች መካከል ዓይን ከፋቹ፣ ጨብሲውና ዱካኩ የሚናገሩት ስለ እንቅልፍ ነው። ቃሚው ችግሩን ቀድሞን ያወቀውና ስም ያወጣለት ሲሆን፣ እኛ ግን በካርዱ ላይ የምንጽፍበት መስመር እንኳ ገና አላዘጋጀንም።

፫. የሚያስተኙት

ወደ መጠጥ እንለፍ። አልኮል የሚያስተኛ መሆኑ ሐሰት አይደለም፤ አታላይነቱም የሚጀምረው ከዚህ እውነት ነው። ጋባ የተባለውን የማረጋጋት መልእክተኛ ያበረታል፤ ግሉታሜት የተባለውን የማነቃቃት መልእክተኛ ያዳክማል። ስለዚህ አረቄ የጠጣ ሰው ቶሎ ይተኛል፤ የሌሊቱም የመጀመሪያ አጋማሽ ከወትሮው የጠለቀ ይሆናል፤ የሕልሙ እንቅልፍ ግን ይታፈናል። አልኮሉ በጉበት ተቃጥሎ ሲያልቅ አንጎል የታገደበትን በግፍ ያስከፍላል። ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ ላብ፣ የልብ ትርታ፣ ጥማትና ቅዠት ይነሣሉ፤ እንቅልፉም ይቆራረጣል። ከዚህም በላይ አልኮል የጉሮሮን ጡንቻዎች ስለሚያላላ የሚያንኮራፋው ሰው በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ እየተቋረጠ ሌሊቱን ሙሉ ሊታፈን ይችላል። በተከታታይ ሌሊቶች የጠጣ ሰው ደግሞ የማስተኛቱን ጥቅም ፈጥኖ ያጣዋል። አንዱ ብርሌ ሁለት፣ ሁለቱም ሦስት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። የሚጠጣው ለመተኛት ነው፤ የማይተኛው ስለሚጠጣ ነው።

መጠጡን ያቆመ ሰው ሁኔታ ደግሞ ከዚህ የከፋ ትኩረት ይሻል። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥና ጭንቀት በኋላ ምግብ ይበላል፤ ፊቱ ይጠራል፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። እኛም «ድኗል» ብለን እናሰናብተዋለን። እንቅልፉ ግን ከአካሉ ጋር አብሮ አልዳነም። ለብዙ ወራት፣ በአንዳንዱም ሰው ከዓመት በላይ፣ ለመተኛት ይቸገራል፤ ሌሊት ይባንናል፤ ጥልቅ እንቅልፉ የሳሳ ነው። በአሜሪካ አገር በ1990ዎቹና በ2001 የታተሙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሕክምና ጨርሰው ከወጡት መካከል የእንቅልፍ መታወክ የቀረባቸው ሰዎች፣ ደህና ከሚተኙት ይልቅ ወደ መጠጥ የመመለሳቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው። ይህን ካወቅን፣ ስለ እንቅልፉ ሳንጠይቅ የምናሰናብተውን ሰው ወደ ቤቱ ላክነው ማለት ይከብዳል፤ ወደ አረቄ ቤቱ ደጃፍ ሸኝተነው ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛው ቡድን ከመደርደሪያችን የሚወጣው ኪኒን ነው። የሰው ልጅ እንቅልፍን በፋብሪካ ለመሥራት ያደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። በ1903 ባርቢታል፣ በ1912 ፌኖባርቢታል ለገበያ ቀረቡ፤ ሱስ የሚያስይዙና መጠናቸው ከፍ ሲል የሚገድሉ መሆናቸው ሲታወቅም ሌላ ተፈለገ። ሊዮ ስተርንባክ በተባሉት ኬሚስት ሥራ በ1960 ክሎርዲያዜፖክሳይድ፣ በ1963 ዲያዜፓም ወጡ፤ ሱስ የማያስይዙ ናቸው ተብሎም በሰፊው ተነገረላቸው። ይህ እምነት ስሕተት መሆኑ ቀስ በቀስ ተገልጦ፣ በ1988 የብሪታንያ የመድኃኒቶች ደኅንነት ኮሚቴ እነዚህ መድኃኒቶች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ እንዲታዘዙ አሳሰበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አካል ይለምዳቸዋል፤ በድንገት ሲቋረጡም እንቅልፍ ማጣቱ ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል። በሽተኛው ይህን የመመለስ ሕመም የጥንቱ በሽታው ማስረጃ አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ስለሆነም ለሌላ ወር ይጠይቃል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን እንዲያቆም ማስገደድም የሚጥል በሽታ ሊያመጣ የሚችል አደጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ብዙ የጠጣ ሰው መጠጡን ሲያቆም የሚመጣውን መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ለመከላከል ዲያዜፓም ወይም ዘመዶቹ ለጥቂት ቀናት መሰጠታቸው ሕይወት አዳኝ ሕክምና ነው። ጥፋቱ ያ ጥቂት ቀን ሳይታወቅ ወደ ወራት ሲለወጥ ነው። አልኮልና ዲያዜፓም በአንጎል ውስጥ የሚያንኳኩት ተመሳሳይ በር ነው። አንዱን ሱስ በሌላው መተካት ደግሞ መፈወስ አይባልም።

፬. ከእንቅልፍ ማጣት ወደ ሱስ

እስካሁን የተናገርሁት ሱስ እንቅልፍን እንዴት እንደሚያበላሽ ነው። መንገዱ ግን ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። በ2004 በታተመ የረጅም ጊዜ ክትትል ጥናት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ሳሉ የእንቅልፍ ችግር የነበረባቸው ወንዶች ልጆች ከ12 እስከ 14 ዓመት ሲሞላቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀድመው መጠጥና ሲጋራ የመጀመር አዝማሚያ ታይቶባቸዋል። በዚያ ዕድሜ ያለ ሕፃን ሱሰኛ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ቢያንስ በአንዳንዶቹ ዘንድ የእንቅልፉ ችግር ሱሱን ቀድሞ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ዶክተር ኖራ ቮልኮውና የሥራ ጓደኞቻቸው በ2012 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኙ ያደሩ ጤነኛ ሰዎች አንጎል ተመርምሮ፣ ዶፓሚን ከሚያርፍባቸው ተቀባዮች አንዱ ዓይነት በደስታ ማዕከሉ አካባቢ ቀንሶ ተገኝቷል። የዚህ ተቀባይ መቀነስ በሱሰኞች አንጎል ላይ ከሚታዩት ለውጦች አንዱ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንግዲህ ተራው ደስታ ይደበዝዝበታል፤ ብርቱው ደስታ ይጎትተዋል፤ «ተው» የሚለው የአንጎሉ የፊት ክፍልም በድካም ይላላል። ለዓመታት የታገለውን ሰው የሚጥለው ብዙ ጊዜ ትልቅ ኀዘን ወይም ትልቅ ፈተና አይደለም፤ ተከታታይ ሦስት መጥፎ ሌሊቶች ይበቁታል።

ሌላም አስደናቂ ምስክር አለ። በ1998 ኦሬክሲን የተባለ፣ ሰውን ነቅቶ የሚያቆይ የአንጎል ንጥረ ነገር ተገኘ። ይህን የሚሠሩት ሴሎች ሲጠፉ ሰው ቀን በቀን በድንገት በእንቅልፍ የሚወድቅበት ናርኮሌፕሲ የተባለ በሽታ ይከተላል። በ2018 ደግሞ የሄሮይን ሱሰኞች የነበሩ ሟቾች አንጎል ሲመረመር እነዚህ ሴሎች ከጤነኞቹ ይልቅ በርክተው ተገኙ። መንቃትና መሻት በአንድ ምንጭ ዙሪያ የሚገናኙ መሆናቸውን ይህ ግኝት ያመለክታል። ስለዚህ የሱሰኛው እንቅልፍ ማጣት የጠባይ ድክመት ወይም የኅሊና ወቀሳ ውጤት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ የሚደግፈው ዕውቀት የለም።

፭. ክበቡ በሕይወት ውስጥ

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ የሚቀር እንዳይመስል አንድ የከባድ መኪና ሾፌር በሐሳባችን እናቁም። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የቀኑ ሙቀት ስለማይቻል ሌሊት ይነዳል፤ ሌሊት ለመንዳት ይቅማል። ጎሕ ሲቀድ መኪናውን አቁሞ ሊተኛ ይሞክራል፤ ውስጣዊ ሰዓቱ «ነግቷል» ይለዋል፤ ካቲኖኑም ገና አልወጣለትም። ስለዚህ ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥቶ ይተኛል። ከሦስት ሰዓት በኋላ አፉ ደርቆ ይነቃል። ቡና ይጠጣል፤ ያልበቃው እንደሆነ ጫቱን ይጀምራል። ይህን ሰው «ሱሰኛ ነህ፤ ተው» ብንለው ምን ያደርጋል? ሦስቱን ሁሉ በአንድ ቀን ቢተው በመሪው ላይ ያንቀላፋል። የእርሱ ሱስ የሥራው ሰዓት የወለደው ነው። ሐኪሙ የሾፌሩን የሥራ ሰሌዳ ሳያውቅ የሚሰጠው ምክር ደረቅ ምክር ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ወደ ራሳችን ቤትም እንመልከት። የሌሊት ተራ ያለባት ነርስ ሌሊቱን በቡና ትገፋዋለች፤ ጠዋት ወደ ቤቷ ስትመለስ ልጆች ይጠብቋታል፤ እኩለ ቀን ላይ የምትተኛው እንቅልፍ በመንገዱ ጩኸት ይቆራረጣል። የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ ደግሞ በእጇ ነው። ለበሽተኛ የምንከለክለውን ኪኒን ለራሳችን በቀላሉ የምንፈቅድ ባለሙያዎች ነን። ይህን በዚህ ጉባኤ ላይ ማንሣቴ ማንንም ለማሳፈር አይደለም። የሙያ ማኅበር የተቋቋመው ሌላውን ለመምከር ብቻ ሳይሆን አባሉን ለመጠበቅም ስለሆነ ነው።

፮. ምን እናድርግ?

አንዳንድ ባልደረቦች «ሱሱን አስቁሙት፤ እንቅልፉ በራሱ ጊዜ ይመጣል» ይላሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ የብዙዎች እንቅልፍ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል። የቀረው ግማሽ ግን፣ ብዙ ሰው ወደ ሱሱ የሚመለሰው በእነዚያው ሳምንታት ውስጥ መሆኑ ነው። ድልድዩ እስኪሠራ ወንዙ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሁሉም አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እንጠይቅ። ለሱስ የመጣውን ሁሉ ስለ እንቅልፉ፣ ለእንቅልፍ የመጣውን ሁሉ ስለ መጠጥ፣ ጫት፣ ቡና፣ ትምባሆና ኪኒን እንጠይቅ። ስንት ሰዓት ይተኛል? ስንት ሰዓት ይነሣል? ለመተኛት ምን ይወስዳል? ለመንቃትስ? ሳይወስድ ሲቀር ምን ይሆናል? ያንኮራፋልን? እነዚህ ጥያቄዎች፣ ተራው እጅግ በረዘመበት ጤና ጣቢያ እንኳ፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጁም። የሚያነብና የሚጽፍ በሽተኛ ለሁለት ሳምንት የእንቅልፉን ሰዓት እንዲመዘግብ ማድረግ ደግሞ ዋጋ የማይከፈልበት ምርመራ ነው።

ሁለተኛ፣ አስቀድመን እንንገር። ጫት የሚተወው ሰው ድካም፣ ብዙ መተኛትና ዱካክ እንደሚመጡበት፣ እነዚህም የሚያልፉ መሆናቸውን ከመጀመሩ በፊት ይስማ። መጠጥ የሚተወውም ሌሊቶቹ ለጊዜው እንደሚከብዱት ይወቅ። የሚጠብቀውን መከራ ያወቀ ሰው ይታገሠዋል፤ ያላወቀው ግን «ያለ እርሱ መኖር አልችልም» ብሎ ይደመድማል።

ሦስተኛ፣ ያለ ኪኒን የሚሰጠውን ሕክምና እንማር፤ እናስተምርም። ሪቻርድ ቡትዚን በ1972፣ አርተር ስፒልማንና ባልደረቦቻቸው በ1987 ያቀረቧቸው ዘዴዎች ዛሬ በአንድነት ተቀናጅተው ይሠራባቸዋል፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2016 ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ይህ እንዲሆን መክሯል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ እንዴት፣ ጠዋት በአንድ በተወሰነ ሰዓት መነሣት፤ እንቅልፍ ሳይመጣ ወደ አልጋ አለመሄድ፤ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ካልመጣ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥና ሲመጣ መመለስ፤ ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ አለመተኛት፤ በአልጋ ላይ የሚጠፋውን ሰዓት በእውነት ከሚተኙት ሰዓት ጋር አቀራርቦ፣ እንቅልፉ ሲጠና ቀስ በቀስ ማስረዘም። አንድ ክፍል ብቻ ባለው ቤት አልጋው ወንበርም ገበታም ሊሆን ይችላል። በዚያ ቤት ቢያንስ ቀን ላይ የመኝታውን ልብስ አጣጥፎ ማንሣት፣ ወይም የመቀመጫውን ጎን ከመኝታው ጎን መለየት ይበጃል። የሰዓት ማሳጠሩ ዘዴ ግን ለጊዜው ድካም ስለሚያመጣ፣ በሾፌሮችና የሚጥል በሽታ ባለባቸው ላይ ያለ ጥንቃቄ አይሞከርም።

አራተኛ፣ ኪኒን ስናዝ የሚያበቃበትን ቀን አብረን እንጻፍ። የመጠጥ ሱስ ለነበረበት ሰው፣ ከመጀመሪያዎቹ የመላቀቂያ ቀናት በቀር፣ የቤንዞዲያዜፒን ዘሮችን እንደ እንቅልፍ መድኃኒት አንስጥ። ለዓመታት የወሰደውን ሰው ደግሞ አናባርረው፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ መጠኑን እየቀነስን እናላቅቀው። የመድኃኒት መደብር ባለሙያዎችም ያለ ማዘዣ የሚመጣውን ጠያቂ ወደ ሐኪም መምራት ግዴታቸው መሆኑን ያስታውሱ።

አምስተኛ፣ ከእንቅልፉ በስተጀርባ የተሸሸገውን እንፈልግ። የመንፈስ ጭንቀት፣ የቆየ ሕመም፣ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ያለፈ የጦርነትና የስደት ሰቆቃ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ለማንም የማይናገረውን ቅዠት ለማፈን የሚጠጣ ሰው አለ። ቅዠቱ ሳይታከም መጠጡን ብቻ መንጠቅ ጋሻውን መንጠቅ ሆኖ ይሰማዋል።

ስድስተኛ፣ ማኅበራችን ድምፁን ያሰማ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አንሥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች መጠጥ እንዳይሸጥም ከልክሏል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ቢወገድም የሌሊቱ የሥራ ሰሌዳ ራሱ ሰውን ወደ ጫትና ወደ መጠጥ የሚገፋ እስከሆነ ድረስ ሥራው ተፈጸመ አይባልም። ለሾፌሮች የዕረፍት ሰዓትና የማረፊያ ቦታ፣ ለሌሊት ተረኞች የተመጠነ ተራ፣ ለተማሪዎች ከፈተና በፊት እንጂ በፈተና ዋዜማ የማይጀመር የጥናት ልማድ፣ እነዚህ ሁሉ የሱስ መከላከያ ናቸው። ከመድኃኒት ቤት ባይገዙም ባለሙያው ሊያዝዛቸው፣ ማኅበሩም ሊሟገትላቸው ይገባል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ያቀረብሁት ሐሳብ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው በካርዱ ላይ አንድ መስመር፣ በምርመራው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ፣ በማሰናበቻውም ዕለት አንድ እውነተኛ ቃል ነው። ሱሱን የተወ ሰው ከፊቱ የሚጠብቀው ትግል ቀን ላይ ብቻ የሚካሄድ አይደለም። ቀን ላይ ቤተሰቡ፣ ጓደኛው፣ ንስሐ አባቱ ወይም ኢማሙ አብረውት ሊቆሙ ይችላሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ብቻውን ነው። በዚያች ሰዓት አብረነው ልንገኝ አንችልም፤ ሰዓቷ እንደምትመጣና እንደምታልፍ፣ እስክታልፍም ምን ማድረግ እንደሚገባው አስታጥቀን ልንልከው ግን እንችላለን። ይህን ማድረግ ከሙያችን ግዴታ አንዱ መሆኑን ጉባኤው እንዲቀበልልኝ እየጠየቅሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።